ቪዲዮ ቤት፦ ፊልም በዓይን የሚዳኝበት አግዳሚ

ከደጀን ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ቪዲዮ ቤትን አይረሳም። በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል፤ ብርሃን እንዳያስገባ በሩ ላይ የተጋረደ ጥቁር ጨርቅ፤ መደገፊያ የሌላቸው የጣውላ አግዳሚዎች፤ ከፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩም ዴክ። ደጅ ላይ ባለው ሰሌዳ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ተጽፏል፤ ከርዕሱ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን “አክሽን” የሚለው ቃል ነው። ሃምሳ ሳንቲም የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ያስጠጋል።

ቪዲዮ ቤት ሲኒማ ቤት ባልደረሰበት ከተማ ፊልምን ያደረሰ ተቋም ነው። አዲስ አበባ ተንቀሳቃሽ ምስልን የምታውቀው ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም “ሂሩት አባቷ ማን ነው”ም በ1957 ዓ.ም. የታየው እዚያው ነው። ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ግን ፊልም በስፋት የገባው በካሴት ነው። አንድ ዴክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና መብራት ካለ ቤቱ ይከፈታል። ለገበያ የወጣ ገበሬ፣ ከክፍል የወጣ ተማሪና የመናኸሪያ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። ሴቶች እምብዛም አይገቡም ነበር፤ ይህ የቤቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

አብዛኛው ተመልካች እንግሊዝኛም ሆነ ቻይንኛ አይሰማም። ታዲያ በምን ፈረደ? በዓይኑ ነዋ! ብቸና አቅራቢያ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁ ጭምር የተማሩበት ስመ ጥር የቅኔ ደብር ነው። ቅኔ ሲዘረፍ አዋቂ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሲጥመው “ይበል!” ይላል። የቪዲዮ ቤቱ አግዳሚም እንደዚያው ፍርዱን እዚያው ይሰጥ ነበር። ደስ ሲለው ያጨበጭባል፤ ሲሰለቸው “ቀሽም ነው!” ብሎ ያሳልፈው ዘንድ ባለቤቱን ያስጨንቃል። ለእኔ የፊልም ሂስ የተጀመረው እዚያ ነው።

አንድ ቀን የጃኪ ቻን “ፖሊስ ስቶሪ” ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ ጃኪ በገበያ ማዕከሉ ውስጥ ከላይኛው ፎቅ ዘሎ በአምፖል የተጠመጠመ ረጅም ምሰሶ ይይዛል፤ አምፖሎቹ እየፈነዱ እስከ ታች ይንሸራተታል። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ወዲያው ያው ዝላይ ደግሞ መጣ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ባለቤቱ ካሴቱን የመለሰልን መስሎን “ደግ አደረግህ!” አልነው። ዓመታት ቆይቼ ነው ጃኪ ራሱ ዝላዩን ከተለያየ አቅጣጫ ሦስቴ ደጋግሞ እንዳሳየው የገባኝ። እውነተኛ መሆኑን እንድናይለት ነው፤ እጁ የተቃጠለውም በዚያው ትዕይንት ነው። ጃኪ በልጅነቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ለአሥር ዓመት ያህል መገለባበጥ፣ መዝፈንና መደባደብ በዱላ እየተቀጣ የተማረ ሰው ነው።

ያ አግዳሚ ሦስት መለኪያ አስተምሮኛል። አንደኛው “ዱላው ይታያል ወይ?” የሚል ነው። ካሜራው ራቅ ብሎ ቴስታውንና ጠረባውን በሙሉ አካል ካላሳየን፣ ድብድቡ በቁርጥራጭ ምስል ተሸፍኗል ማለት ነው። ሁለተኛው “ያመዋል ወይ?” ነው። ጃኪ ቡጢ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ያራግፋል፤ ሳቁ የሚመጣው ከሕመሙ ነው። ሦስተኛው ከልጅነት ሕጋችን የመጣ ነው፦ አክተሩ አይሞትም። እንደማይሞት ካወቅን ልብ አንጠልጣይ የሚሆነው እንዴት እንደሚተርፍ ነው። ስለዚህ ጥሩ የወንጀል ፊልም መውጫ በሮቹን ዓይናችን እያየ አንድ በአንድ ይዘጋል።

የቅርቦቹን ሦስት ፊልሞች በዚህ ልመዝን። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን “ዘ ፎል ጋይ” የሠራው ዴቪድ ሌይች ራሱ በተዋንያን ፈንታ የሚወድቅ የስታንት ባለሙያ ነበር። በፊልሙ አንድ መኪና ስምንት ተኩል ጊዜ ተገልብጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ቀድሞ በ“ካዚኖ ሮያል” የተመዘገበው ሰባት ነበር። ዱላው ይታያል፣ ሳቁም ከመውደቁ ይፈልቃል። የወንጀል ታሪኩ ግን መሐል ላይ ይላላል፤ በሮቹ ሳይዘጉ ይቀራሉ።

የዚያው ዓመት “ሬብል ሪጅ” የተገላቢጦሽ ነው። የቀድሞ ወታደር የአጎቱን ልጅ በዋስ ለማስፈታት በብስክሌት ሲሄድ ፖሊሶች አስቁመው 36,000 ዶላር ይወስዱበታል። ወደ ሕግ ሲሄድ ሕጉ ራሱ በሩን ይዘጋበታል። ሰው ላለመግደል የሚጠነቀቅ ጀግና በመሆኑ እያንዳንዱ ምት ክብደት አለው። ከሦስቱ የእኔ “ይበል!” ለዚህ ነው።

ዴቭ ፓቴል ያዘጋጀውና የተወነበት “ሞንኪ ማን” የሂንዱዎቹን የጦጣ አምላክ የሃኑማንን ተረት ከበቀል ጋር ያጋባል፤ ቁጣው እውነተኛ ነው። ካሜራው ግን ከተደባዳቢዎቹ አፍንጫ ሥር ገብቶ ስለሚንቀጠቀጥ፣ መጀመሪያ ላይ የቱ ምት የማን እንደሆነ ዓይን ይጠፋበታል።

ዓለምም ለዚህ ሙያ ክብር መስጠት ጀምሯል። የኦስካር አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ለሚወጡ ፊልሞች የስታንት ሽልማት እንደሚሰጥ አስታውቋል። የእኛ ሲኒማ ደግሞ በፍቅርና በኮሜዲ ሲበረታ በአክሽን እስካሁን ዳዴ ይላል። ድብድብ በስሜት አይሠራም፤ ለደቂቃዎች ትዕይንት የሳምንታት ልምምድ፣ ፍራሽ፣ ሐኪምና መድን ይፈልጋል። አዘጋጆቻችን ከድብድብ በፊት ለልምምድ ገንዘብ ቢመድቡ ተመልካቹ ዝግጁ ነው፤ ዓይኑ አስቀድሞ ተገርቷል።

ዛሬ ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁሉም በየስልኩ፣ በየጆሮ ማዳመጫው ለብቻው ያያል። ምስሉ ጠርቷል፤ አብሮ የሚፈርደው አግዳሚ ግን የለም። እኔ ስለ አንድ ፊልም ከመጻፌ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ፦ ዋናውን ድብድብ ድምፁን አጥፍቼ አየዋለሁ። ሙዚቃውም ንግግሩም ሲሄድ የሚቀረው ያኔ እኛ በሃምሳ ሳንቲም የገዛነው ነው። ያ ካልያዘኝ፣ የቀረው ጌጥ ብቻ ነው።