ክረምት ሲወጣ የሚደረግ ጉዞ፤ ከቆሼ ሰፈር እስከ መስቀል አገር

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቆሼ በተባለው ሰፈር የሚኖር ሰው የዕረፍት ጉዞ የሚያቅድ አይመስልም ይሆናል። የሰፈሩ ስም ራሱ ቆሻሻን የሚያመለክት ነው፤ የከተማው ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረ ቦታ ነውና። ነገር ግን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በዚያ ሰፈር የሚዘዋወር ሰው በየሻይ ቤቱና በየደጁ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ ይኸውም ለመስቀል መቼ እንነሣ የሚል ነው። እኛም ስለ ወቅትና ስለ ጉዞ ለመጻፍ ባሰብን ጊዜ የውጭ አገር ጎብኚዎችን ተከትለን ከመሄድ ይልቅ ከዚህ ሰፈር መነሣትን መረጥን። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጓዝ፣ ቀኑን ከሳተም ሌላ ቀን የሌለው ሰው ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ብዙ ያስባል። ጎብኚ ዝናብ ቢያገኘው ጥቂት ይበሳጫል እንጂ የዓመት ቁጠባው አይጠፋበትም።

አስቀድሞ ስለ ወቅቱ ጥቂት እንበል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት። በአውሮፓ የሚኖር ሰው ሐሩር ሲባል የሚታየው ሙቀት ነው፤ የዕረፍቱንም ጊዜ የሚመርጠው በሙቀትና በብርድ ነው። በእኛ አገር ግን በአንድ ቦታ ላይ ከወር ወር የሚታየው የሙቀት ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው። በአዲስ አበባ የሞቃቱ ወርና የቀዝቃዛው ወር አማካይ ሙቀት ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። ሙቀትን የሚፈልግ ሰው ወር መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ቁልቁል ወደ ቆላ መውረድ ብቻ ይበቃዋል። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን አንዱ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጋቢ ያልደረበ ሰው በከተማው አይገኝም። ይህም የደመናው ሥራ ነው።

ስለዚህ በሐሩር አገር ወቅትን የሚለየው ውሃ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከሚጥለው ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ በታኅሣሥ ግን የሚወርደው ከ10 ሚሊ ሜትር የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ ነፋሳት የሚገናኙበት የደመናና የዝናብ መቀነት አለ፤ ይህም መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብም ይመለሳል። ወደ እኛ በሚመጣበት ጊዜ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ጫካ፣ እንደዚሁም ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይዞ ይመጣል። መንገደኛውን በይበልጥ የሚመለከተው ግን ይህ ነው፤ ዝናቡ ከደቡብ ምዕራብ ገብቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሄዳል፣ ሲወጣም በገባበት በኩል ይወጣል። ትግራይንና ወሎን ቀድሞ ይለቃቸዋል፤ ከፋንና ኢሉባቦርን ግን ከሁሉ በኋላ ነው የሚለቃቸው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። በመስከረም አጋማሽ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ዝናቡ ወደ ለቀቀው አገር ይሄዳል። ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ የሚሄደው ግን በመውጣት ላይ ካለው ዝናብ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይጓዛል። አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ ተሳፍሮ፣ ወልቂጤ ሲደርስ ዶፍ ቢቀበለው ሊገርመው አይገባም፤ የተከተለው እሱ ነው እንጂ ዝናቡ አልተከተለውም።

ደግሞም የቀን አቆጣጠሩን እንመልከት። አብዛኛው ሰው ዕንቁጣጣሽ ከሆነ ክረምቱ ወጥቷል ይላል። በቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ግን ዘመነ ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ነው። እንግዲህ መስከረም 17 ቀን የሚውለው መስቀል ገና በክረምት ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ክረምቱ ሊፈጸም 8 ቀን ይቀረዋል። የቀድሞ ሊቃውንት ይህን ሲወስኑ የዝናብ መለኪያ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ዛሬ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ክረምት የሚሉት ወቅት የሚያበቃው እንደዚሁ በመስከረም መጨረሻ ገደማ ነው። (ስለዚሁ ስንናገር አንድ ነገር እንጨምር። የእኛ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም በዓሉ ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከወቅቱ አንጻር 5 ቀን ያህል ወደ ኋላ ዘግይቷል። በዚያ ዘመን የነበረ መንገደኛ ከዛሬው ይልቅ ጭቃውን ይበልጥ ይቀምስ ነበር ብንል አልተሳሳትንም።)

አሁን ወደ ቆሼ እንመለስ። የሰፈሩ ነዋሪ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ከጉራጌ አገር የመጡት ለመስቀል አገር ቤት መሄድን እንደ ግዴታ ይቆጥሩታል። በጉራጌ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም። ቤት የሚታደስበትና ዕቃ የሚታጠብበት፣ የጎመን ክትፎ የሚቀርብበት፣ ደመራ የሚለኮስበት፣ በሬው የሚታረድበት ቀን ሁሉ የየራሱ ነው፤ ከዚያ በኋላም ዘመድ መጠየቅና ሽማግሌዎችን መሰብሰብ፣ ሰርግ መነጋገርና የመሬት ክርክር መጨረስ ይከተላል። እርዱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ልጅ በዓሉን አመለጠው ይባላል።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መስከረም በእህል አገር የችግር ወር ነው፤ የዓምናው እህል አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አልታጨደም፤ አጨዳውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ታዲያ ጉራጌ ያን ያህል ትልቅ ድግስ በዚያ ወር እንዴት ይችለዋል? መልሱ ከእንሰትና ከላም የሚገኝ ነው። እንሰት በአጨዳ ወር የሚገዛ ተክል አይደለም፤ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ይቆያል፣ በቆየም መጠን ይጣፍጣል። ላሟም ክረምቱን ሙሉ ለምለም ሣር ስለበላች ወተቷ የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ነው። ሴቶቹ ውጆ በተባለው ማኅበር ቅቤያቸውን በየተራ እያዋጡ ለመስቀል ያደርሳሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ለበሬው ገንዘብ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ ክረምቱ መንገዱን ቢያበላሽም ድግሱን የሚያዘጋጀው ራሱ ክረምቱ ነው። መንገዱ እስኪደርቅ ብንቆይ ይሻላል የሚል ሰው ይህን የዘነጋ ነው፤ በጥር መንገዱ ደረቅ ነው፣ ቅቤው ግን የለም።

ከተማ ያለው ወገን በበኩሉ ድርሻ አለበት። አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚሸጠው ቆራሌ፣ ሊስትሮው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ከጥራጊው ፕላስቲክና ብረት እየለየ የሚኖረውም ሁሉ ከዕለት ገቢው እየቀነሰ በዕቁብ ያስቀምጣል። ይህ ገንዘብ ለሁለት ሳምንት ጉዞ ይውላል፤ ለበሬ መዋጮ፣ ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለመሳፈሪያ። አስቸጋሪውም ነገር ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው በመስከረም መሆኑ ነው። ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛበት ገንዘብና የመስቀሉ ገንዘብ ከአንድ ኪስ ይወጣሉ። በዝናብ ምክንያት መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ማደር፣ ወይም የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ በእጥፍ ዋጋ መሳፈር፣ ለእንዲህ ያለው ቤት ከሁለቱ አንዱን የሚያስቀር ነው።

በዚሁ ሰፈር ያነጋገርናቸው አንዲት ጉልት ቸርቻሪ እናት ስለ ዕቅዳቸው የነገሩንን እናስፍር። «እማማ፣ የሚነሡበትን ቀን በምን ይወስናሉ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሰማይ አይቼ መስሏችኋል?» አሉን። «የዚህ ሰማይ ለዚህ ነው። እኔ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። ወንዙ እንዴት ነው እለዋለሁ። እስከ ጉልበት ነው ካለኝ እሄዳለሁ፤ እስከ ወገብ ነው ካለኝ ሁለት ቀን እቆያለሁ። ልጆቼ፣ አስፋልቱማ መቼ አስቸገረ!»

ይህ አነጋገር ብዙ ቁም ነገር አለበት። ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ያለው ወደ 155 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አስፋልት ነው። በአለም ገና፣ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ በኩል ያልፋል። በስተግራና በስተቀኝ የሚታየው የበቾ ሜዳ ግን ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ በክረምት አዋሽ ሲሞላ ብዙውን ጊዜ በውሃ ይሸፈናል። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ለብዙ ቀን እግር ይይዛል። ችግሩ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ መንደር በሚገባው መጋቢ መንገድ ላይ ነው። ለመንገደኛው የሚጠቅመው ስለ አዲስ አበባ የተነገረው ትንበያ ሳይሆን ስለ መጨረሻዋ አምስት ኪሎ ሜትር የሚነገረው ወሬ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ ለሰፊው አካባቢ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ስለዚያች ወንዝ ግን ከወንድምየው በቀር የሚያውቅ የለም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከውሃው ሌላ የመንገዱ ሰላም አብሮ ይጠየቃል፤ ይህም በስልክ የሚደረስበት ነው።

የእስላሙ ጎረቤት ሒሳብ ከዚህ ይለያል። እስላም የሆነው ጉራጌና ስልጤው በብዛት ወደ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ነው። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል፤ በ33 ዓመት ገደማም ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ የአረፋ መንገደኛ እንደ መስቀሉ መንገደኛ ከአባቱ የወረሰው አንድ ዕቅድ የለውም፤ በየጊዜው አዲስ ማውጣት አለበት። በ2008 ዓ.ም. አረፋ መስከረም 13 ቀን ውሎ ሁለቱ በዓላት በአንድ ሰሞን ተገናኙ። አውቶቡስ ተራው ምን ይመስል እንደ ነበር ያዩ ሰዎች ዛሬም ያነሡታል። በዚያው ክረምት በኤል ኒኞ ምክንያት በሰሜንና በምሥራቅ ዝናቡ ቀርቶ ኋላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የእህል ርዳታ ያስፈለገው መሆኑን ስናስብ፣ መንገድ ደረቀ ብሎ መደሰት ሁልጊዜ ተገቢ እንዳልሆነ እንረዳለን። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አረፋ ግንቦት 29 ቀን ዋለ፤ ይህም በክረምት መግቢያ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ ለተወሰኑ ዓመታት በበልጉ ወራት ውስጥ ወደ ኋላ እየሄደ ይውላል።

ስለ ቆሼ ሲጻፍ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.ን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ቀን ማታ የጥራጊው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲቀብር ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ወሩ ክረምት አልነበረም፤ ማንም ሰው ዝናብን ፈርቶ ሊሸሽ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም። ከላይ የጠቀስናቸው እናት በዚያ ቀን የባላቸውን እኅት አጥተዋል። በቀጣዩ መስከረም ወደ አገር ቤት የሄዱት ለበዓል ሳይሆን ለለቅሶ እንደ ነበረ ነገሩን፤ ወንዙ እንዴት እንደ ነበረ ግን አያስታውሱም።

ለዕረፍት ብቻ ለሚጓዘው ተማሪና መምህር ሌሎቹን ጉዞዎች በአጭሩ እንጥቀስ። ተማሪ ነፃ የሚሆነው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ይህም ለመንገድ የከፋው ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል። ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወገኖቻችንም የዚያ አገር ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ ስለሚዘጋ ብዙዎቹ የሚደርሱት በዶፉ መካከል ነው። ምርጫ ላለው ሰው ግን የስሜን ተራራ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ለምለምና ጥርት ያለ ነው። ደናክል ከኅዳር እስከ ጥር ካልሆነ ሙቀቱ አያስደርስም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ ከአውሮፓ የሚሰደዱት ወፎች የሚከርሙት በዚያው በበጋ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ስለሚውል ዝናብ አያሰጋውም፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ አለውና ከታቦት ጋር የሚያድር ሰው ብርድ ልብስ ይያዝ። ወደ ቦረና የሚሄድ ሰው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ እንዳለበት ይወቅ፤ በጋ ሁሉ ለሁሉም አገር በጋ አይደለም። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከአለም ገና በቡታጅራ መንገድ ወርዶ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች አይቶ ማታ ይመለሳል። በእኛ ግምት ለዚህ ከጥቅምት የሚሻል ወር የለም።

እኒያ እናት ዘንድሮ የሚነሡት መስከረም 11 ቀን ንጋት ላይ ነው። ትልቁ ልጅ ትምህርት ስለሚጀምር ከጎረቤት ጋር ይቆያል፤ ሁለቱን ትንንሾች ይዘው ይሄዳሉ። ስንሰናበታቸው የጎማ ጫማ ከደጃፉ ላይ አጥበው አስጥተው ነበር። ሲመለሱ ቆጮና ቅቤ ስለሚይዙ ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ አጣጥፈው ከጫማው አጠገብ አስቀምጠዋል። እስከ መስከረም 10 ማታ ድረስ ግን ትኬት አይቆርጡም፤ ወንድማቸው ገና አልደወለም።