ከጠረጴዛ ሥር የተሰቀለ ላፕቶፕን ከሩቅ ማብራት፦ ተረትና እውነታ

ላፕቶፕን ክዳኑን ዘግቶ ከጠረጴዛ ሥር መስቀል፣ ከዚያም ከውጭ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ጋር ማገናኘት ቦታ ይቆጥባል። ችግሩ ላፕቶፑ ሲጠፋ ነው፤ የማብሪያው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ለዚህ የሚነገሩት መላዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የጠፋ ማሽን ከሩቅ የሚበራው፣ ጠፍቶም ሳለ አንዱ ክፍሉ ኤሌክትሪክ እያገኘ ትእዛዝ የሚጠብቅ ከሆነ ወይም ኃይል ሲያገኝ እንዲነሳ ከታዘዘ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያገለግሉትን ቲምቪወርን ወይም ኤኒዴስክን የጫነ ሰው ላፕቶፑን ከየትም ሆኖ ማብራት የሚችል ይመስለዋል። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ግን በበራ ማሽን ላይ ነው። የማንቂያ አገልግሎት ያላቸውም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ያንኑ ኔትወርክ የሚጋራ ሌላ የበራ መሣሪያ መልእክቱን እንዲያደርስላቸው ይፈልጋሉ።

መልእክቱ የሚላክበት ዘዴ ዌክ ኦን ላን ይባላል። በ1990ዎቹ የመጣ ሲሆን አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከስድስት መነሻ ባይቶች ቀጥሎ የኔትወርክ ካርዱ የማክ አድራሻ 16 ጊዜ ይደጋገማል፤ በድምሩ 102 ባይት። ካርዱ ይህን ሲያይ ማሽኑን ይቀሰቅሳል። መልእክቱ የሚሠራጨው በአንድ ቤት ወይም ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆነ በተለመደው ሁኔታ ራውተር አልፎ አይሄድም። ከሌላ ከተማ ማብራት የሚሻ ሰው መጀመሪያ በቪፒኤን ወደ ቤቱ ኔትወርክ ይገባል፤ አለዚያ መልእክቱን ራሱ ራውተሩ ወይም ሌላ የማይጠፋ መሣሪያ እንዲልክለት ያደርጋል።

ዋይፋይም ያው ነው የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዳንድ ላፕቶፖች በዋይፋይ የሚነቁት ስሊፕ ላይ ካሉ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከጠፉ ግን አብዛኞቹ የገመድ አልባ ካርዱን ኤሌክትሪክ ይቆርጣሉ። የኬብል ወደብ የሌላቸው ስስ ላፕቶፖች ላይ የሚሰካው የዩኤስቢ ኔትወርክ አስማሚም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ኃይል ያጣል። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ሶፍትዌር፣ በባዮስ ውስጥ፣ ዌክ ኦን ላንን መፍቀድ ብቻውን አይበቃም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ማይክሮሶፍት በኔትወርክ ማንቃትን የሚደግፈው ከስሊፕና ከሃይበርኔት እንጂ ከተዘጋ ማሽን አይደለም። ተዘግቶም የሚነቃ ማሽን ቢገኝ በአምራቹ ባዮስና በካርዱ ችሎታ ነው።

ሌላው መላ በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ነው። ለዴስክቶፕ ይሠራል፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ እንዲነሳ ማዘዝ ይቻላልና። ላፕቶፕ ግን ባትሪ ስላለው የሶኬቱ መጥፋትና መብራት ለብዙዎቹ ደንታ አይሰጣቸውም። ልዩነት አለ፦ ብዙ የዴልና የቲንክፓድ ሞዴሎች ቻርጀር ኃይል ሲያገኝ እንዲበሩ የሚያደርግ ምርጫ ባዮሳቸው ውስጥ አላቸው፤ የአፕልን ቺፕ የያዙ ማክቡኮችም ጠፍተው ሳለ ኃይል ሲያገኙ ይበራሉ። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ግን ይህ ምርጫ ላፕቶፑን ማንም ሳያዘው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሊያስነሳው ይችላል።

ከሁሉ አስተማማኙ የማብሪያ ቁልፍ ያለው ዶክ፣ ማለትም ላፕቶፑን ከውጭ ስክሪንና ኪቦርድ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ላፕቶፑ ከሥር ይሰቀላል። ማንኛውም ዶክ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ይህን ችሎታ በመሠረቱ ለራሳቸው ላፕቶፖች ያዘጋጁት ነው፤ የሌላ ድርጅት ዶክ ላይ ያለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚያበራው ዶኩን ራሱን ነው።

ከጠረጴዛው የማይርቅ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ላያስፈልገው ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ክዳን ሲዘጋ ምንም እንዳይሆን ማዘዝ፣ ማታ ማሽኑን ከመዝጋት ይልቅ ስሊፕ ማድረግ፣ ጠዋት ኪቦርድ መንካት ይበቃል። ስሊፕ መብራት ይበላል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፤ በደህና ሁኔታ ያለ ላፕቶፕ ተኝቶ የሚወስደው ከጥቂት ዋት አይበልጥም። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሙቀት ነው። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ሥር የሚይዘው ማቀፊያ የአየር መግቢያና መውጫውን መሸፈን የለበትም። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪም በሙቀትና በሙሉ ቻርጅ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ አምራቹ ከፈቀደ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ መገደብ ይሻላል።