የሯጭ ተማሪ ጉዳይ፤ መግቢያው ሌላ፣ ርዳታው ሌላ

ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች ነፃ የትምህርት ዕድል መስጠት ይገባቸዋልን? ጥያቄው በአሜሪካ የቆየ ነው። ሃርቫርድና ዬል የሚገኙባቸው 8ቱ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ስምምነት፣ በስፖርት ችሎታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ወሰኑ፤ ርዳታቸው በተማሪው ችግር ልክ ሆነ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤል ፓሶ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ሯጮችን እያስመጣ አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኛምቡዪ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣ፤ የቀደመውም ምሩጽ ይፍጠር ነበር።

ልዩነቱን እንመልከት። ኛምቡዪን ያሳደገው ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ምሩጽ የአየር ኃይል፣ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ። ዛሬም በአገራችን ለሯጭ ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ነው። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በማንኩሳ አንድ ፈጣን ልጅ ቢገኝ፣ ከደብተሩና ከሩጫው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ሩጫውን መርጦ እግሩ ቢጎዳ ግን የሚመለስበት ትምህርት የለውም።

ተቃዋሚዎች የሚሉትም ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሌሎች በብዙ ድካም ያለፉትን በር ለአንዱ በእግሩ ፍጥነት መክፈት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ሳይዘጋጅ የገባው ሯጭም በመጀመሪያው ዓመት ይወድቃል።

እንግዲህ መፍትሔው መግቢያውንና ርዳታውን መለየት ይመስለናል። የመግቢያው ነጥብ ለማንም አይነካ፤ ነጥቡ የጎደለው ሯጭ እንደ ሌላው ሁሉ በማካካሻ ትምህርት ይለፍ። ከገባ በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲው ከወጪ መጋራት ዕዳ ነፃ ያድርገው፤ ለልምምድ ጊዜ እንዲያገኝም ትምህርቱን በረዘመ ዓመት እንዲጨርስ ይፍቀድለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። የአሜሪካ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973 የስፖርት ርዳታ ለአንድ ዓመት ብቻ እንዲሰጥና በየዓመቱ እንዲታደስ ደነገገ፤ ከዚያ በላይ መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው። በእነዚያ ዓመታት የተጎዳ ተማሪ ርዳታው ላይታደስለት ይችል ነበር። እኛ ብንጀምር፣ ርዳታው እስከ ምረቃ የሚጸና ይሁን። አለዚያ ዩኒቨርሲቲው የሚገዛው እግርን ነው እንጂ፣ የሚያስተምረው ሰውን አይደለም።