ጥፋቱን የሚያላክክ ባትሪ

የቶዮታ ቪትዝ መሪ የሚቀለው በኤሌክትሪክ ሞተር እየታገዘ ነው። አንድ ማለዳ መሪው ከብዶ፣ ዳሽቦርዱ ላይም የኤቢኤስና የመሪው ምልክት አብረው ቢበሩ ባለቤቱ የሚደነግጠው ለመሪው ነው። መካሪ አይጠፋም፤ አንዱ «የመሪው ሞተር ነው»፣ ሌላው «ኮምፒውተሩ ነው» ይለዋል። ልምድ ያለው ኤሌትሪሺያን ግን መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ያሳርፋል።

እርሳስና አሲድን ያጣመረውን ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። የመኪናው ባትሪ ስድስት ሴሎች አሉት፤ ሙሉ ሆኖ ለሰዓታት ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ማለት ግማሽ ነው። 12 ላይ ከደረሰ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። «12 ካለው ምን ይፈልጋል?» የሚል ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የቆመ መኪና ላይ የሚነበብ ቁጥርም ቢሆን ያታልላል። ያረጀ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ጠዋት 12.6 ሊያሳይና ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ኃይል ሲጠይቀው 8 ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቁልፉን ሲያዞር ሌላው ቴስተሩን ያያል፤ ሞተሩ እየተሽከረከረ ንባቡ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል።

ሁሉም የሚያውቀው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚመጣውም ከዚሁ ነው። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ ለመሳብ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ የደከመ ባትሪም ይስበዋል። በተሳበ ቅጽበት ግን ሞተሪኖው መቶና ከዚያ በላይ አምፒር ይጠይቃል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱም ይለቃል። ሸክሙ ሲነሳለት ባትሪው ነፍስ ይዘራና እንደገና ይስበዋል። የሚሰማው ይህ መሳብና መልቀቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም ካለና የፊት መብራቱ ካልደበዘዘ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል።

ቮልት ሲወርድ የመኪናው ኮምፒውተሮችም ይወናበዳሉ። አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው መልእክት ጠብቆ ሲያጣ የጓደኛውን ብልሽት ይመዘግባል። በምርመራ ማሽኑ ላይ ከተደረደሩት ኮዶች መካከል ፒ0562 ካለ «ቮልት አንሷል» ማለት ነውና ሌላ ዕቃ ከመግዛት በፊት እሱን መጨረስ ገንዘብ ያተርፋል።

ባትሪው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜም አለ። ካቦው የታሰረበት ቦታ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ አዲስ ባትሪም ላያስነሳ ይችላል። ቁልፉ ተደጋግሞ ከተዞረ በኋላ ማሰሪያው በእጅ ሲነካ ከሞቀ ችግሩ እዚያው ነው፤ ኔጌቲቩን አስቀድሞ ነቅሎ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ማጠብ ይበቃል። ሞተሩ ተነስቶ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ካልደረሰ ደግሞ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይፈተሻል።

ዲናሞን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ የሚነቅሉ መካኒኮች ዛሬም አሉ። በድሮ መኪና ላይ ያስኬድ ይሆናል። በዛሬው ላይ ግን በድንገት የሚዘለው ቮልት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ የባትሪ ዋጋ ለመቆጠብ ብዙ እጥፍ መክፈል ይመጣል።

ሌሊት ሌሊት እየሞተ ጠዋት የሚገፋ መኪናም አለ። የቆመ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊአምፒር በላይ ሊስብ አይገባም። በችኮላ የተገጠመ አላርም ወይም የማይጠፋ የኮፈን መብራት ግማሽ አምፒር ከሳበ 60 አምፒር ሰዓት ያለውን አዲስ ባትሪ በአምስት ቀን ባዶ ያስቀረዋል፤ አሮጌው ሁለት ሌሊትም ላይቆይ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የአምፒር ንባቡ የሚወርድበትን መጠበቅ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያበራው፣ የበሩን ቁልፍና ዳሽቦርዱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ 12 ቮልት ነው። እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ለማንቃት ግን የሞተሪኖን ያህል ጉልበት ስለማያስፈልግ ለሞተር ሳይክል የሚሠራ አነስተኛ ባትሪ እንኳ ሊበቃ ይችላል።