የመተማን ጦርነት ማን ጀመረው?

ተማሪ ሳለሁ የታሪክ መምህራችን ስለ መተማ ጦርነት ሲያስተምሩ «ድርቡሽ አገራችንን ወረረ፣ ጎንደርን አቃጠለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለአገራቸውና ለሃይማኖታቸው ሲሉ ወደቁ» ብለው ደብተራቸውን ዘጉ። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሙስሊሞች ጥቂት ነበርን። ለዕረፍት ስንወጣ አንዱ ልጅ ወደኛ ዞሮ «እናንተ ድርቡሾች!» ሲል ሁሉም ሳቀ። ማታ ቤት ገብቼ አያቴን «አባባ፣ የመተማን ጦርነት ማን ነው የጀመረው?» አልኳቸው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተስቢሓቸውን እየቆጠሩ ነበር። አቋረጡና «ዮሐንስ ነዋ! ቦሩ ሜዳ ላይ ሙስሊሙን ተጠመቅ ያለ ዕለት ጀመረው» አሉኝ።

በአንድ ቀን ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አገኘሁ። የአያቴን መልስ ይዤ ተኛሁ። የኔ ወገን ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው በሳቸው መልስ ነበርና።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ ዛሬም በየቤቱ ይነሳል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት አንድ መልስ፣ ከሰፈር ሌላ መልስ ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ ደጋው እየወረደ ሄዶ ሲያልቅ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት ሞቃት ቆላ ይጀምራል። መተማ በዚያ ናት። ሱዳኖች ቀላባት ይሏታል። ዛሬ ስሙ ለሁለት ተከፍሎ መተማ ዮሐንስ ወዲህ፣ ቀላባት ወዲያ፣ ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል። በጥንቱ ዘመን ግን ቦታው አንድ ገበያ ነበር። ነዋሪዎቹ በብዛት ተክሩሮች ነበሩ፤ ይኸውም ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነስተው በመንገድ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች ማለት ነው። የጎንደር ጀበርቲ ነጋዴ ቡናውን፣ ማሩንና ሰሙን ይዞ ይወርዳል፣ ከወዲያ ጥጡና ጨርቁ ይመጣል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ደብቀን ማለፍ አይገባንም። የመተማ ሸኾች ለኢትዮጵያ ገዢም ለሱዳን ገዢም ይገብሩ ነበር። ሁለት ጌታ መገበር ከባድ ቢሆንም ገበያውን ለብዙ ዘመን በሰላም አቆይቶታል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አያቴ የጠቀሱት ነገር እውነት ነው። በ1878 በወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም በግድ እንዲጠመቅ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ክርስትና ተነስተው ራስ ሚካኤል ሆኑ። እምቢ ያለው ሸፈተ፣ ተዋጋ፣ ወይም ተሰደደ። ከተሰደዱትም ውስጥ መተማና ሱዳን የገቡ ነበሩ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ኋላ ከመህዲያው ጦር ጋር ተሰልፈው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰዋል። ይህን ግፍ ሳይጠቅስ የመተማን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ግማሹን እያስቀረ ነው።

ነገር ግን ግፍ መፈጸሙ ሌላ፣ ጦርነት መጀመሩ ሌላ ነው። ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ 11 ዓመት አለ። በነዚህ 11 ዓመታት ጦርነቱን ማስቆም የሚችሉ ብዙ ሰዎች ብዙ አጋጣሚ አግኝተዋል።

የመጀመሪያውን በር የከፈተው የአድዋው ውል ነው። ጁን 3 ቀን 1884 የእንግሊዙ አድሚራል ሂወት አድዋ ድረስ መጥቶ፣ የግብፅም ተወካይ ባለበት፣ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋዋለ። በሱዳን ሙሐመድ አሕመድ «መህዲ ነኝ» ብለው ተነስተው የግብፅን መንግሥት ጦር በየምሽጉ ከበውት ነበር። እንግሊዝ ይህን የተከበበ ጦር በኢትዮጵያ በኩል ማስወጣት ፈለገች። ለዚህ ውለታ ዮሐንስ ቦጎስን ማግኘት፣ በምፅዋ ወደብም ያለ ቀረጥ ዕቃ ማስገባት ነበረባቸው። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። የመተማውን ጦር ጭምር ከከበባ አወጣች። ልብ በሉ፤ በመተማ ተከበው ከመህዲያው ጋር ሲዋጉ የነበሩት የተክሩሩ ሸኽ ሷሊሕ ሸንቃ ሙስሊም ነበሩ፤ የተሸሸጉትም በክርስቲያኑ ንጉሥ አገር ነው። «የእስልምናና የክርስትና ጦርነት» የሚሉት ነገር ገና ከመነሻው እንዲህ የተዘበራረቀ ነበር።

እንግሊዝስ? ውሉ ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ ጣሊያን ምፅዋን ስትይዝ እንግሊዝ አይታ እንዳላየች ሆነች። ኢትዮጵያ ወደቡን አጣች፣ በምትኩም አዲስ ጠላት አተረፈች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 23 ቀን ራስ አሉላ በዚሁ ውል መነሻ የከሰላን ምሽግ ለመርዳት ዘምተው ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲቅና ጦር ጋር ተዋጉ። ድሉ የአሉላ ሆነ፤ ብዙ ሺህ ሰው ግን አለቀ። ከሰላ እንደሆነች አስቀድማ በጁላይ ወድቃ ነበር። ለመርዳት የተሄደለት ምሽግ ከሌለ በኋላ የፈሰሰ ደም ነው እንግዲህ።

ከዚህ በኋላ ጠረፉ በዘረፋ ተሞላ። አንዱ ከብት ይነዳል፣ ሌላው መንደር ያቃጥላል። በጃንዋሪ 1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የመህዲያውን አሚር ሙሐመድ ወድ አርባብን ገደሉ፣ ከተማውንም አቃጠሉ። የአያቴ ወገኖች ቆጠራውን ከዚህ ቢጀምሩ ኢትዮጵያ ቀድማ የመታች ትሆናለች። የመምህራችን ወገኖች ግን አንድ ዓመት ዘልለው ከ1888 ይጀምራሉ። እኔ እንደማየው የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ወገን የራሱ ቁስል ከደማበት ቀን ይጀምራል፤ እሱ ሌላውን ያቆሰለበት ቀን ግን ከመቁጠሪያው ይወድቅበታል።

አሁን ወደ ኡምዱርማን እንሻገር። መህዲው በ1885 ሞተው ሥልጣኑ በኸሊፋ ዐብዱላሂ እጅ ነበር። ስለዚህ ሰው መናገር ለኛ ለሙስሊሞች ያስቸግረናል፤ መናገር ግን አለብን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ባልደረቦቻቸው ተሰደው በነጃሺ ጥላ ሥር ያረፉበት አገር ነውና። ኸሊፋው ይህን ሐዲስ ያውቁት ነበር። በመጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ያልዘመቱትም ስለሱ እንደሆነ ይነገር ነበር። ከመተማው ቃጠሎ በኋላ ግን ነቢዩን በራእይ አይቼ መዝመት ተፈቀደልኝ አሉ። በሐዲስ የታሰረ እጅ በሕልም ሲፈታ ያሳዝናል። መጽሐፉን የሚያውቁ ዑለማዎች በዙሪያቸው ሳሉ የተደረገ ነው። ዝም ያለውም የድርሻውን መሸከሙ አይቀርም።

በጃንዋሪ 1888 ሐምዳን አቡ ዐንጃ ብዙ ሠራዊት አስከትሎ ደምቢያ ገባ። ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰበረ፣ ጎንደርን ዘረፈ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሴትና ሕፃን እየነዳ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ዳግመኛ መጣ። የደምቢያ ገበሬ ወድ አርባብን አልገደለም፣ የአድዋን ውል አልፈረመም፣ በቦሩ ሜዳም አልዳኘም። ዋጋውን የከፈለው ግን እሱ ነው። ለዚህ ምክንያት የሚፈልግ ሙስሊም ካለ በደጉ ዘመን የተዋጊ ኸሊፋዎች አዛውንትን፣ ሴትን፣ ሕፃንንና መነኩሴን እንዳይነኩ ለጦራቸው ያስጠነቅቁ እንደነበር ያስታውስ።

የቤተ መንግሥቱም ፖለቲካ መታለፍ የለበትም። በ1888 ዮሐንስ በአንድ ጊዜ በሦስት እሳት መካከል ነበሩ፤ ጣሊያን በሰሜን፣ መህዲያው በምዕራብ፣ ከደቡብ ደግሞ የራሳቸው ንጉሦች። የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተማምለው ነበር፤ ምኒልክ ከጣሊያን መሣሪያ ይቀበሉ ነበር። ዮሐንስም ተቆጥተው ጎጃምን በዓመቱ መጨረሻ አስዘረፉት። ድርቡሽ ያልደረሰበትን የጎጃም ገበሬ የራሱ ንጉሠ ነገሥት ጦር ደረሰበት። ይህን የሚያነሱ የታሪክ ትምህርቶች ጥቂት ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን አንድ ደብዳቤ ነው። በዲሴምበር 1888 ማብቂያ ላይ ዮሐንስ ለአቡ ዐንጃ ጻፉ። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ አንተ እኔ አገር ስትመጣ፣ እኔም አንተ አገር ስመጣ የሚያልቀው ድኻው ነው፤ የጋራ ጠላታችን ፈረንጅ ነውና እርስ በርስ መተላለቁን ትተን በአንድነት እንቁም። በቦሩ ሜዳ ያን ሁሉ ያደረጉት ዮሐንስ ናቸው ይህን የጻፉት። አቡ ዐንጃ የመለሰው በስድብና «ስለም» በሚል ቃል ነበር። እንደኔ እምነት በዚያ ሳምንት የጦርነቱ ትልቁ ድርሻ ወደ ኡምዱርማን ተሻግሯል። የአድዋው ውል የእንግሊዝ ነው፣ ቦሩ ሜዳ የዮሐንስ ነው፣ የ1887ቱ ቃጠሎ የተክለ ሃይማኖት ነው፤ የሰላም ደብዳቤ መመለስ ግን የኛ ወገን ሥራ ነው። እኩል ይካፈሉት አላልኩም። ማንም ድርሻ የለኝም ብሎ አይሂድ ነው የምለው።

አቡ ዐንጃ የጦርነቱን መጨረሻ ሳያይ በጃንዋሪ 1889 ታሞ ሞተ። ቦታውን ዘኪ ጠመል ያዘ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. (ማርች 9 ቀን 1889)፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የኢትዮጵያ ጦር የመተማን የእሾህ አጥር ጥሶ ገባ። ድሉ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ዮሐንስ በማግስቱ አረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ የሚሸሸው ወገን አትባራ ወንዝ አጠገብ ተደርሶበት ራሳቸው ተቆርጦ ኡምዱርማን ተወሰደ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 2 ቀን፣ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። ጣሊያን ዮሐንስና አሉላ ሲከላከሉት የነበረውን ደጋ ወጥታ ያዘች። በሱዳንም በ1306 ሒጅራ እስከ ዛሬ «ሰነት ሲታ» የሚሉት ረኀብ ገባ፤ የዘኪ ጠመል ወታደር ራሱ በመተማ ተራበ። በኢትዮጵያ ደግሞ የከብት በሽታ ተጨምሮ «ክፉ ቀን» የተባለው ዘመን ሆነ። የሁለቱ አገር እናቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ረኀብ ልጆቻቸውን ቀበሩ።

የሚገርመው ነገር፣ ከአድዋ ድል በኋላ ምኒልክና ኸሊፋ ዐብዱላሂ መልእክተኛ ተላልከው ተስማሙ። ዮሐንስ በ1888 የጠየቁት ሰላም ይኸው ነበር። ለኸሊፋው ግን ዘገየባቸው፤ በ1898 ከረሪ ላይ የእንግሊዝ መትረየስ ሠራዊታቸውን አጨደው። በ1902 ደግሞ እንግሊዝና ምኒልክ ድንበሩን አሰመሩና መተማና ቀላባት ተለያዩ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ያለፈ ነገር ለመቆፈር አይደለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ኻርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት የሱዳን ጦርም ፈጣን ድጋፍ ሰጪ የሚባለውም ኃይል «መጀመሪያ የተኮሰው እሱ ነው» ተባባሉ። በዚያ ዓመት በመተማ በኩል የገቡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች ኩመር በተባለው መጠለያ ሲሰፍሩ «መጀመሪያ ማን ተኮሰ» የሚለው መልስ ዳቦ አልሆናቸውም። በኛም አገር፣ በሰሜኑ ጦርነት፣ አንዱ በኖቬምበር 2020 በሰሜን ዕዝ ላይ ከደረሰው ጥቃት ይጀምራል፤ ሌላው ከዚያ በፊት ከነበረው የምርጫና የሥልጣን ውዝግብ። አሁንም ሁሉም የሚጀምረው ከራሱ ቁስል ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ን-ኒሳእ ለፍትሕ ቁሙ ሲል በራሳችሁና በወላጆቻችሁ ላይ ቢሆንም ማለቱን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ከልጆቻችን ጋር ስለ መተማ ስናወራ ግን ትዝ አይለንም።

አያቴ ከመሞታቸው በፊት ስለዚያ ደብዳቤ አጫውቻቸው ነበር። ስጨርስ ዝም አሉ። ቆይተው «ዮሐንስ ነው ይህን ያለው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እነሱስ ምን አሉት?»

ነገርኳቸው። ተስቢሓቸውን አንስተው ጥቂት ቆጠሩና «ይህን ለዚያ ‹ድርቡሽ› ላለህ ልጅም ነግረኸዋል?» አሉ። አልነገርኩትም ነበር። «እንግዲያው ቦሩ ሜዳንም፣ ይህንንም፣ ሁለቱንም ንገረው» አሉኝና ለዒሻ ውዱእ ሊያደርጉ ተነሱ።