የመኪና መንዳት አስተማሪ ክብር በምን ይገኛል

የእጅ ሥራ ሁሉ የሚመረመርበት ጊዜ አለው። ሸማኔ የሠራው ኩታ ሲታጠብ፥ ግንበኛ ያቆመው ግድግዳ ክረምት ሲገባ ይፈተናል። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ግን ሥራው የሚፈተነው እርሱ በሌለበት ነው፤ ይኸውም ያስተማረው ሰው ብቻውን መሪ ይዞ ሲሄድ፥ ሕፃን ከመንገድ ዳር ድንገት በሚሮጥበት በዚያች ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ የሚታየው የተማሪው እግር ብቻ አይደለም፤ ፍሬኑን የሚረግጠው ወይም ሳይረግጥ የሚዘገየው የአስተማሪው ትምህርት ጭምር ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ሰው እንዴት እንደሚያድግና እንደሚከበር መመርመር ለብዙ ሰው ሕይወት የሚጠቅም ነገር ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ በአውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ነገሩ ለሕዝቡ ሁሉ ድንቅ ነበረ። ከዚያ በኋላ መኪና እየበዛ ሲሄድ፥ ብዙ ሰው መንዳትን የተማረው በረዳትነት ነው። ረዳቱ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ፥ ጎማ እየፈታና ዕቃ እየጫነ፥ በዐይኑ እያየ ይለምድ ነበር። ዛሬም ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮንና ጎማ የሚባሉት ቃላት ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ መሆናቸው፥ ሞያው ከማን ጋራ እንደ ገባ ይመሰክራል። የረዳትነት ትምህርት እጅን ያፈጥናል፤ ነገር ግን የሾፌሩ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱም ወደ ረዳቱ ይተላለፋል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 በወጣ ጊዜ፥ ፈቃድ የሚሻ ሰው በታወቀ ማሠልጠኛ ይማር ዘንድ ሥርዓት ቆመ፤ ኋላም ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተተካ። በዚህም ምክንያት የመንዳት አስተማሪነት በራሱ የቆመ ሙያ ሆነ።

ይህ ሙያ በባሕር ዳር ከተማ ከባድ ፈተና አለበት። ከተማዪቱ በጣና ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ የተቀመጠች፥ ጎዳናዎቿ ሰፋፊና በዘንባባ የተሸለሙ ናቸው። ሜዳ ስለ ሆነች ብስክሌት የሚነዳው ሰው ብዙ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅም በየማዕዘኑ ይታጠፋል፤ የገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ከገጠር የሚመጣው ሰው ከነአህያው መንገዱን ይሞላዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ በስፋቱም ከአሮጌው ድልድይ እጅግ ይበልጣል። ሰፊ መንገድ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ ነጂ ፍጥነትን የሚያስመኝ እርሱ ነው። ከከተማው ወጥቶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰውም በፎገራ ሜዳ ሲያልፍ፥ የከብት መንጋ መንገድ ሲያቋርጥ ያገኛል። በሬ የመንገድ ሕግ አይማርም፤ ስለዚህ የበሬውን ድርሻ ነጂው ተምሮ መገኘት አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ባወጣው መግለጫ፥ በ2021 በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል መሆኑን ገልጧል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም ሌላ ምክንያት ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። ከሚሞቱትም ከመቶው 92 የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ በእነዚህ አገሮች ያለው መኪና ግን ከዓለም መኪና ከመቶ 60 ያህል ነው። እንግዲህ ድኻው አገር በመኪናው ቍጥር ልክ ሳይሆን ከዚያ አብልጦ ይሞታል ማለት ነው። ለዚህ መንገዱም፥ መኪናውም፥ ሕክምናውም ምክንያት አላቸው፤ ነጂው የተማረበት መንገድም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

የመንዳት አስተማሪን የሚፈትነው ነገር ጥድፊያ ነው። ተማሪው ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው መንዳት ለመቻል ብቻ አይደለም፤ ፈቃዱን ቶሎ ይዞ ሥራ ለመግባት ነው። ማሠልጠኛውም ብዙ ተማሪ ባስገባና ባስወጣ መጠን ይጠቀማል። በዚህ መካከል አስተማሪው የፈተናውን ሜዳ ብቻ እያሳየ፥ «እዚህ ላይ መሪውን ይህን ያህል አዙር፥ እዚያ ላይ ቁም» እያለ ቢያስጠናው፥ ተማሪው ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ነገር ግን ይህ ሰው የተማረው አንዲቱን ሜዳ ነው እንጂ መንገድን አይደለም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በእንዲህ ያለው ላይ ይፈጸማል። ያልተዘጋጀውን ተማሪ «ገና ነህ፥ ጥቂት ቀን ጨምር» የሚል አስተማሪ ለጊዜው ይጠላል፤ ምናልባትም ተማሪው ወደ ሌላ ይሄድበታል። ሆኖም ሙያውን የሚያስከብረው ይህ አንድ ቃል ነው።

ትምህርትን በደረጃ መስጠት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ልጁን ከፊደል ገበታ ወደ ግእዝ ንባብ፥ ከግእዝ ወደ ውርድ ንባብ፥ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ ያሳድገዋል፤ ግእዙ ሳይጠራለት ቁም ንባብ አያስጀምረውም። ብልህ የመንዳት አስተማሪም እንዲሁ ያደርጋል። አስቀድሞ መኪናው ቆሞ ሳለ አቀማመጥን፥ ቀበቶን፥ የኋላ ማሳያ መስተዋትን ያስተምራል። ከዚያ በባዶ ሜዳ መነሣትንና መቆምን፥ ወደ ኋላ መሄድን፥ ዳገት ላይ ሳይንሸራተቱ መነሣትን ያስለምዳል። ከዚህ በኋላ ጭር ወዳለው ጎዳና፥ በመጨረሻም ብስክሌትና ባጃጅ ወደሚተራመስበት መንገድ ያወጣዋል። የተማሪውን ስሕተት በየቀኑ በደብተር የሚጽፍ አስተማሪ ትናንት የተሳሳተውን ዛሬ ስለሚጠይቀው፥ የተማሪው ገንዘብና ጊዜ በከንቱ አይጠፋም።

ከእጅ ልማድ ሌላ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሕግን የሚጠብቀው ትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ቦታ ብቻ አይደለምና። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ80 የሚሄደው ደግሞ 22 ሜትር። ነገር ግን ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚንሸራተትበት ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን በሜዳ ላይ ድንጋይ አስቀምጦና በእርምጃ ለክቶ የሚያሳይ አስተማሪ፥ በቃል ብቻ «ቀስ በል» ከሚለው ይልቅ በተማሪው ልብ ውስጥ ይቀራል። እንዲሁም ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፥ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ይወርዳል። በዚያ ረጅም ቍልቍለት ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ነጂ ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ ይገባዋል። ተማሪው በሜዳ ከተማ ስለ ተማረ ይህ ትምህርት ሊቀርበት አይገባም።

ጊዜም ከሙያው ጋራ ይለወጣል። መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለ ከለከለ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ መጥተዋል። እነዚህ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ሲነሡ ፈጣኖች ናቸው፤ ድምፃቸውም ዝቅተኛ ስለ ሆነ እግረኛው መምጣታቸውን ላይሰማ ይችላል። ዕድሜ ልኩን በማርሽና በፍሪሲዮን ያስተማረ ሰው «ይህ የእኔ ትምህርት አይደለም» ቢል ሥራው ከእጁ ይወጣል፤ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ቢማር ግን የሚፈለግ ሰው ይሆናል። ማስተማርን የሚወድ ሰው ምልክቱ መማርን አለመተዉ ነውና።

በዚህ ሙያ ማደግ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ መንገዱ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ራሱ ሕግ አክባሪ ነጂ ይሁን፤ ተማሪ ከአስተማሪው ቃል ይልቅ ሥራውን ይከተላልና፥ ስልክ እያነጋገረ የሚነዳ አስተማሪ ስለ ስልክ ክልከላ ቢያስተምር ማንም አይሰማውም። ሁለተኛ ቁጣን ያርቅ፤ የፈራ ተማሪ ፍሬኑን ሲፈልግ ነዳጁን ይረግጣል። ሦስተኛ ያልቻለውን ችለሃል አይበል። እንዲህ ያለውን አስተማሪ የተማሪው አባት ለጎረቤቱ፥ ጎረቤቱም ለወንድሙ ይነግርለታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም። ከአስተማሪነትም ተነሥቶ የማሠልጠኛ ኃላፊ መሆን፥ ከዚያም የራሱን ማሠልጠኛ ማቆም የሚችለው ስሙን አስቀድሞ ያቆመ ነው።

የሹማምንትም ድርሻ አለበት። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ማሠልጠኛዎችን የሚመዝነው ባሳለፉት ሰው ብዛት ብቻ ከሆነ፥ ጥድፊያን ራሱ ይሸልማል። አደጋ ያደረሰ ጀማሪ ነጂ የት እንደ ተማረ ቢመዘገብና ቍጥሩ በየዓመቱ ቢመረመር ግን፥ መልካሙ አስተማሪ ከመጥፎው ይለያል፤ «ገና ነህ» ያለውም ሰው ስለ እውነቱ አይጎዳም።

በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ልጁን ብቻውን ወደ ጥልቁ የሚለቀው፥ ማዕበል ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ልጁ ነውና አይቸኩልም። መኪና መንዳት የሚያስተምርም ሰው ተማሪውን እንደ ልጁ፥ በመንገድ የሚያልፈውንም ሁሉ እንደ ዘመዱ ቢያይ፥ መቼ «ሂድ» መቼ «ቆይ» ማለት እንደሚገባው ሌላ መካሪ አያሻውም።