ያረጀ ቀለም መርዙ ወጥቶለታል?

ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት ዘንድሮ ተፈላጊ ሆኗል። በሩ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ የመስታወት ፍሬም ይሆናል፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተፈግፍጎ እንጨቱ ብቅ ሲል ሳሎኑ የገጠር ለዛ ያገኛል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። የሚያናድደኝ አብሮት የሚዞረው ምክር ነው።

ተረት፦ «ይሄን ሁሉ ዓመት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት መርዙ እስካሁን ይኖራል?»

እውነታ፦ አባባሉ መነሻ አለው። አዲስ ቀለም ራስ የሚያዞረው በማቅጠኛው ሽታ ነው፤ እሱ በእርግጥም ተንኖ ያልቃል። ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅና ዝገት እንዲከላከል ይጨመር የነበረው እርሳስ ግን ከባድ ብረት ነው፤ አይተንም፣ አይበሰብስም። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመከረው ጣሪያ ከሚሊዮን እጅ 90 ብቻ ነው። ስለዚህ የቀለሙ ማርጀት ጥርጣሬውን ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም።

እንጨቱ ላይ እንደተጣበቀ ያለ ቀለም ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲፈገፈግ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ መስኮት በሁለት ዱካ ላይ አጋድመው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ አይቻለሁ፤ ሰማያዊው ብናኝ በረንዳውን እንደ ዱቄት አልብሶታል፣ እዚያው የሚድኸው ሕፃን ዳቦውን ይጥላል፣ አንስቶ ይጎርሳል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። አእምሮውን ይጎዳል፣ አጥንትና ጥርስ ውስጥም ይከማቻል። ምንም አያደርግም የሚባል መጠን አልተገኘለትም። ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

ቲክቶክ ላይ ሙዚቃ ከፍተው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ «እንዲህ ፈግፍጉት» የሚሉን ሰዎች ብናኙ ልጅ እንደሚጎዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ምን ያቅታቸዋል?

ቀለሙን በዓይን አይቶ እርሳስ አለው ወይም የለውም ማለት አይቻልም። ካልተመረመረ አትፈግፍጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላችሁ ቫርኒሽ ቀቡትና ልጅ ከማይደርስበት ስቀሉት። የግድ ከሆነ ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ላስቲክ አንጥፋችሁና እንጨቱን አርጥባችሁ ሥሩ። የጨርቅ ማስክ ደቂቅ ብናኝ አያስቀርም፤ ለብናኝ የተሠራውን አድርጉ። ሲያልቅም በመጥረጊያ አታቡንኑት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ያገለገለ ዕቃን መልሶ ስለመጠቀም የሚነገሩትን የቀሩ ተረቶች ቶሎ ቶሎ እንያቸው።

ተረት፦ «ፓሌት (የዕቃ መጫኛ የእንጨት ርብራብ) ሁሉ በኬሚካል የተነከረ ነው።»

እውነታ፦ ማኅተሙን እዩ። «ኤች ቲ» ካለ እንጨቱ እስከ መሐሉ ቢያንስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ሞቋል ማለት ነው። «ኤም ቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ ታጥኗልና ተዉት። ምን እንደፈሰሰበት ግን ማኅተሙ አይናገርም፤ እድፍ ወይም ሽታ ያለውን አታስገቡ።

ተረት፦ «የፀረ ተባይ ጀሪካን በፈላ ውሃና በአመድ ከታጠበ ይጸዳል።»

እውነታ፦ አይጸዳም። ፕላስቲኩ ራሱ መርዙን ይመጥጠዋል። ለውሃ ቀርቶ ለጌጥም ቤት አይግባ።

ተረት፦ «አንገቱ የተሰበረ ጀበና ሥሩ ጠጠር ከተደረገበት አበባ ይይዛል።»

እውነታ፦ ጠጠር ብቻውን ውሃ አያወጣም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቋጠርና የአበባውን ሥር ያበሰብሰዋል። የጀበናውን ቂጥ ብሱት፤ በምስማርና በመዶሻ ሳይሆን በመሰርሰሪያ፣ ቀስ ብላችሁ። አለዚያ ጀበናው ሁለተኛ ይሰበራል።